ድንኳኑ አስፋልቱ ላይ ይተከል

የልጄ የበሱፍቃድ ሙት ዓመት ሳምንት ሲቀረው አንድ ሚኒባስ የልጅ ልጄን የሶሲን ቦርሳ በስፖኪዮው መትቶ አስፋልቱ ላይ ጣላት። እሷን አልነካትም። የምሳ ዕቃዋ ግን ተጨፍልቆ ፓስታው መንገድ ላይ ተበተነ። ልጅቷ ተነስታ ዩኒፎርሟን እያራገፈች «እማምዬ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ፓስታው ነው የሞተው» አለችኝ። ልታስቀኝ ነው። እኔ ግን እዚያው መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ሚኒባሱ እንኳን ሊቆም ፍጥነቱንም አልቀነሰ።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔ፣ ሶሲና እናቷ ማሂ። ማሂ መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ማልዳ ትወጣለች፣ ሶሲን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊታችን ነው። በረንዳዬ ላይ ቆሜ የሰልፍ መዝሙራቸውን እሰማለሁ። በመሀላችን ያለው ያ አስፋልት ብቻ ነው።

ድሮ አስፋልት አልነበረም፤ ጉድጓድ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ያቁራል፣ መኪናው ሁሉ እያነከሰ ነበር የሚያልፈው። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ጉድጓዱን ስረግም ኖርኩ። ለካ ልጆቻችንን ሲጠብቅልን የኖረው እሱ ነው! አምና አስፋልት ሲነጠፍ እልል ብለን ነበር። ከዚያ በኋላ ዋናው መንገድ የተዘጋጋበት ሁሉ በእኛ በኩል መቁረጥ ጀመረ። ከአብነት የሚመጣው አይቀር፣ ከወዲያ የሚመጣው አይቀር፣ ሁሉም ሲበር ነው የሚያልፈው።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ አልክድም። ሲሊንደሩ ተዘግቶ እንደሆነ ተነስቼ አይቼ ተመልሼ ተኝቼ እንደገና ተነስቼ አያለሁ። ሶሲ ፀጉሯ ሳይደርቅ ከወጣች ቀኑን ሙሉ ስታስነጥስ የምሰማት ይመስለኛል። አባቷ በሱፍቃድ ትራፊክ ፖሊስ ልሁን ሲለኝ ደስ ያለኝ እንኳ ከፍርሃቴ የተነሳ ነው፤ ጠመንጃ ከሚይዝ ፊሽካ ቢይዝ ይሻላል ብዬ። ዋርካ በር ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሲመደብማ ስለቴን አስገባሁ። በትንሽ ከተማ ምን መኪና አለ አልኩ። ፍሬን የበጠሰ አንድ አይሱዙ በቃው።

የሶሲ ቦርሳ በተመታ ማግስት ወረዳ ሄድኩ። አዲስ ነገር አይደለም፤ የብሎካችን ሰው ከዚያ በፊትም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራልን ብሎ አመልክቷል። የተቀበለኝ ወጣት ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«እማማ፣ ጉዳዩ በዕቅድ ተይዟል» አለኝ።

«መቼ ነው የሚሠራው?»

«በዕቅዱ መሠረት ነው።»

«ዕቅዱስ መቼ ነው?»

«እሱ ገና ነው» አለ፣ እሱም ትንሽ አፍሮ።

አመስግኜው ወጣሁ። እግሬን እየጎተትኩ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል ስመለስ፣ አንዱ ቅያስ ውስጥ ሰው ሞቶ ኖሮ ድንኳን ተተክሏል። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ከኋላዬ ሲሚንቶ የጫነ ትልቅ መኪና መጣ፤ ሰዉን ሁሉ በጡሩምባ እያባረረ፣ እኔንም ግድግዳ ላይ ሊለጥፈኝ ምንም አልቀረው። ድንኳኑን ሲያይ ጡሩምባው ዝም አለ። ረዳቱ ዘሎ ወረደ፣ ኮፍያውን አውልቆ ለሐዘንተኞቹ እጅ ነሳ፣ ከዚያ «ና፣ ና፣ ና» እያለ ያን የሚያህል መኪና ወደ ኋላ አስወጣው። መንገድ ለምን ተዘጋ ያለ ሰው የለም።

ቆሜ አየሁት። ለሕፃን የማይቆም፣ ለአሮጊት የማይቆም መኪና ለለቅሶ ድንኳን ይቆማል!

ቤቴ እስክገባ ልቤ ሲደልቅ ነበር። ያ የለመድኩት የፍርሃት ድለቃ ግን አልነበረም።

የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ሙሌ ነው፤ ድንኳኑንም፣ ወንበሩንም፣ ድስቱንም የሚይዘው እሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ለነገው ሙት ዓመት ድንኳኑን በጋሪ አስጭኖ እንደ ልማዱ ግቢው መሀል ሲያራግፍ ደረስኩበት።

«ሙሌ፣ እዚህ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ የት ነው እማማ?»

በጣቴ አሳየሁት።

«ትምህርት ቤቱ በር ጋ?»

«ከበሩ ፊት ለፊት፣ ልጆቹ የሚሻገሩበት ላይ። አስፋልቱ ላይ።»

ሳቀ። እኔ እንደማልስቅ ሲያይ ተወው። «እማማ ፀሐይቱ፣ አስፋልት ላይ እኮ ካስማ አይገባም።»

«ለእሱ አታስብ። ሙደሲርን አነጋግሬዋለሁ፣ ጎሚስታውን። አሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ይሰጠናል። ገመዱን ጎማው ላይ ታስረዋለህ።»

«ኧረ እርስዎ አስበውበታል!»

«ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

ሙሌ ደነገጠ መሰለኝ፣ የእድሩን ሰብሳቢ ፈቃደን በስልክ ጠራው። ፈቃደ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሲናገር ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስለዋል። እያለከለከ መጣ።

«እትዬ ፀሐይቱ፣ እውነት ነው የምሰማው? ድንኳኑ መንገድ ላይ ይተከል አሉ?»

«አዎ።»

«ይሄ እኮ ለቅሶ አይደለም፣ ሙት ዓመት ነው። ለአንድ ቀን ግቢው ይበቃል። ነገ ትራፊክ ቢመጣስ? የሚጠየቀው እድሩ ነው።»

«የትራፊክ እናት ነኝ። እኔን ይጠይቁኝ።»

«ሕግ አለ እኮ እትዬ።»

«ፈቃደ፣ የእናትህ ለቅሶ ጊዜ ድንኳኑን የት ነበር የተከልከው?»

ወደ ሙሌ ዞረ።

«ታክሲ ተራው ላይ። እንግዳ በዛብኝ ብለህ። የአብነት ታክሲ ሁሉ በሌላ በኩል ዞረ። ያን ጊዜ ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ የጠፋው እኔ ነኝ። ሕግ አለ ያለህ ሰው ነበር?»

ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እሺ፣ ለነገ ብቻ። እሑድ ማታ ይነሳል» አለ።

«ትከሉት» አልኩ። ስለ እሑድ ማታ ትንፍሽ አላልኩም።

ሙሌ ጎማውን እያንከባለለ ሲያመጣ መሰለች ከሱቋ ወጣች። መሰለች ከድሮው ሰፈር ጀምሮ ጎረቤቴ ናት። ምድር ቤት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሱቅ አላት፤ ከሱቋ ጎን ባለው ክፍል ባለቤቷ ጋሽ ገብረየሱስ ታመው ተኝተዋል። በጉልምስናቸው አሰብ ድረስ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። አሁን አልጋቸው መንገዱን ከሚያይ መስኮት ሥር ነው።

«ፀሐይቱ፣ ምንድነው ይሄ? ሱቄን ልትዘጊው ነው?» አለችኝ።

«ሱቅሽን ማን ነካው?»

«መኪና ካልቆመልኝ ማን ይገዛኛል? ውሃውን ራሴ ልጠጣው? ልጅሽ መንገድ ሲያስከፍት ኖረ፣ አንቺ ደግሞ ትዘጊያለሽ!»

ቃሉ ወጋኝ። ግን መሰለችን አውቃታለሁ፤ ምላሷ ከእሷ ቀድሞ ነው ከቤት የሚወጣው።

«የነገውን እንግዳ ለስላሳ ከአንቺ ነው የማስመጣው» አልኳት።

«ቀዝቃዛውን ነው ያልቀዘቀዘውን?» አለች ወዲያው፣ ግንባሯን ሳትፈታ።

እሑድ ከቅዳሴና ከፍትሐቱ ስንመለስ ድንኳኑ ቆሞ ጠበቀን። ከዳር እስከ ዳር፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ። መግቢያው ላይ የልጄ ፎቶ ያለበት ትልቅ ሸራ ተሰቅሏል፤ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ፣ ፈገግ ሊል ሲል ተይዞ፤ ከሥሩ «ሳጅን በሱፍቃድ» ይላል። ማሂ ሸራውን ስታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሶሲ ግን ሥሩ ሄዳ ቆመችና «እማምዬ፣ አባዬ መኪና የሚያስቆም ይመስላል» አለች። እውነቷን ነው። ፊቱ ወደ መንገዱ ነበር።

የዋርካ በር ሰዎች በአንድ አውቶቡስ መጡ። ዱጉማ የሚባለው የልጄ ባልደረባ ዩኒፎርሙን ለብሶ ነው የመጣው። ከወረደ በኋላ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ጠጋ ብሎ «እናቴ፣ ይሄ መንገድ ነው እኮ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

«ክፍት ነው?»

«ነበር።»

ከንፈሩን ነከሰ። ሥራው ነዋ፣ ምን ያድርግ!

ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲረጋጋ ዱጉማ ተነስቶ ተናገረ። «የገበያ ቀን ነበር» አለ። «አይሱዙው ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን እንደበጠሰ ከጡሩምባው አወቅን። በሱፍቃድ መገናኛው ላይ ነበር። ሰዉን በፊሽካ አስነሳው። አህያውን፣ በጉን፣ ሸክላ የዘረጋውን፣ ሁሉንም። አንዲት ሴትዮ ቲማቲሟን ልትሰበስብ ተመለሰች። ሮጦ ሄዶ ገፈተራት። እሷ ተረፈች። እሱ አልተነሳም።» ወደ እኛ ዞረ። «ከተማችን መገናኛውን በስሙ ጠርታዋለች። እዚያ ያለው ግንብ ላይ በቀለም ጽፈነዋል።»

ሶሲ እጇን አወጣች፣ ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል። «የቲማቲሟ ሴትዮ መጥታለች?»

«አልመጣችም የኔ ልጅ። እናንተን ማየት ከበዳት። ግን አንድ ሣጥን ቲማቲም ልካለች። አውቶቡሱ ውስጥ ነው።»

ማሂ ተነሳች፣ ሣጥኑን አስወረደች፣ ቲማቲሙን አጥባ ከትፋ በትሪ አዞረችው። ሁላችንም በላን።

ዱጉማ አጠገቤ ሲቀመጥ አመሰገንኩት። «ስሙን መጻፋችሁ ጥሩ ነው» አልኩት። «ግን ዱጉማ፣ ስም መኪና አያቆምም።»

«አያቆምም እናቴ» አለ።

መኪናውማ ቀኑን ሙሉ ሲመጣ ዋለ። እየበረረ ይመጣል፣ ድንኳኑን ያያል፣ ይቆማል። ግማሹ ዞሮ ይመለሳል። ግማሹ ደግሞ ወርዶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ ይህን ያለ ሰው ደግሞ ሳይቀምስ አይሄድም። አንዱ ባለ ሚኒባስ ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ወረደ፤ ሸራውን አየ፣ ነጠላ የለበሱትን ሰዎች አየ፣ መጨረሻው ላይ ተሳፋሪዎቹን ይዞ ገብቶ ተቀመጠ። ወያላው ሁለቴ አስጨመረ። መሰለች ለስላሳ እያቀበለች «ፀሐይቱ፣ ድንኳን ነው የተከልሽው መነኸሪያ?» ትለኛለች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የከተማችን ትራፊክ መጣች፤ ወጣት ሴት፣ ሞተሯን ዳር አስይዛ። ፈቃደ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ሽንት ቤት ነው አለ።

ልጅቷ ገብታ እንደ ወጉ መጀመሪያ ተቀመጠች። እጅ አስታጠብናት፣ ቀመሰች። ከዚያ ነው የጠየቀችው። «እማማ፣ ማን አርፎ ነው?»

«ልጄ። እንደ አንቺ ትራፊክ ነበር። ዛሬ ዓመቱ ነው።»

ወደ ሸራው ዞራ አየች፤ ኮፍያዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «መንገድ ለመዝጋት ግን ማስፈቀድ ነበረባችሁ» አለች ቀስ ብላ።

«ጉብታ ሲጠየቅ በዕቅድ ተይዟል ተባልን። ድንኳኑም በዕቅድ የተያዘ ነው በይልኝ።»

ሳቋ አመለጣት። «መቼ ነው የሚነሳው?»

«ጉብታው ሲሠራ።»

ሳቋን አቆመች። አየችኝ። እኔም አየኋት። ብድግ ብላ ወጣች፣ ሞተሯን አስነሳች፣ ከላይ መታጠፊያው ጋ ሄዳ ቆማ መኪናውን ወደ ዋናው መንገድ ትመልስ ጀመር። ዱጉማ ይህን ሲያይ አላስቻለውም፤ ከታች በኩል ሄዶ ቆመ። አዲስ አበባ ላይ ሥልጣን የለውም፤ ግን እጁን ሲዘረጋ ሁሉም ይቆማል።

ሊመሽ ሲል የዋርካ በር ሰዎች ተሰናብተውን ሄዱ። ፈቃደና ሙሌ ገመድ ሊፈቱ መጡ። እኔ የመጀመሪያው ጎማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው።

«እትዬ፣ ቃል ነበረን» አለ ፈቃደ።

«ቃሉ የአንተ ነው። እኔ ዝም ነው ያልኩት።»

«ኧረ በእመቤቴ! ነገ ሰኞ ነው፣ ሥራ ነው፣ መንገዱ…»

«ነገ ሰኞ ነው፣ ትምህርት ነው» አልኩት። «ድንኳኑን ስትጠቀልሉ እኔንም አብራችሁ ጠቅልላችሁ ዕቃ ቤት አስገቡኝ። ሌላ መንገድ የላችሁም።»

ማሂ ከጎን መጥታ ክንዴን ያዘች። «እማማ፣ ሰው ምን ይላል?» አለችኝ።

«የፈለገውን ይበል። ማሂ፣ የሶሲን ቦርሳ ያየሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። ቦርሳው ውስጥ ያለው የምሳ ዕቃ ምን እንደሆነ አይተሻል። ቦርሳው ያለው ጀርባዋ ላይ ነው።»

ማሂ ክንዴን ለቀቀች። ሄዳ ጋቢዬን አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና «ፈቃደ፣ ዛሬ ይደር» አለች። ሙሌ እንደ ለቅሶ ቤት ደንብ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ አደረ።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ መጡ። በየቀኑ እዚያ ጠርዝ ላይ ተሰብስበው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ «አሁን! አይ፣ ቆይ! አሁን!» እየተባባሉ የሚሻገሩት ልጆች በድንኳኑ አንዱ በር ገብተው በሌላው ወጡ። ልክ እንደ ቤታቸው። እኔና ሙሌ መሀል ላይ ቆመን የተረፈውን ዳቦ እናድላለን። ትንንሾቹ ዳቦውን ለመድገም ተመልሰው በመጡበት በር ይገባሉ። ሶሲ ለጓደኞቿ «ያውና የኔ አባት» እያለች ሸራውን ታሳያለች። ጆሮዬን ሳልቀስር በዚያ መንገድ ላይ ስቆም ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ረፋድ ላይ የወረዳው ወጣት መጣ። «እማማ፣ ድንኳኑ ይነሳና እንነጋገር» አለኝ።

«ጉብታው ይሠራና እናነሳዋለን።»

«እንዲህ አይሆንም እኮ። ዋናው መንገድ ተጨናንቋል፣ ስልክ እየተደወለልን ነው።»

«እኛ ስናመለክትስ ኖረን የለ?»

ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ሲል ከመሰለች ቤት ጩኸት ተሰማ። ጋሽ ገብረየሱስ አረፉ።

እድራችን ያለው ድንኳን ይሄ አንድ ነው። ሌላው ባለፈው ክረምት ተቀዶብን እየተጠገነ ነው። ሬሳ ያለበት ቤት እያለ ሙት ዓመት ምኑ ነው? እዚህ ላይ ክርክር የለም። ፈቃደ ምንም ሳይለኝ ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ገመድ ራሴ መፍታት ጀመርኩ። ሙሌ በጥድፊያ ሲያስር አጥብቆት ኖሮ ጣቴ አልታዘዘኝ አለ። ግቢው ውስጥ፣ ከመሰለች ደጃፍ፣ እንደ ወጉ ይተከልላታል። ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይለቀቃሉ። ገመዱን እየፈታሁ የማስበው እሱን ብቻ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

«ማነው ንኩ ያላችሁ?»

መሰለች ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፀጉሯ ተፈትቶ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ከሱቋ ወጥታለች።

«መሰለች፣ የኔ እህት፣ ለአንቺ ነው። ግቢ ልናስገባልሽ ነው» አልኳት፤ ሄጄም አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

አልቅሳ አልቅሳ ቀና ስትል «ባለበት ይሁን» አለች።

«ምን?»

«ድንኳኑ ባለበት ይሁን። የኔም ለቅሶ እዚያው ነው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ትናንት ገብሬ ‹መንገዱ ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?› አለኝ። የፀሐይቱ ልጅ ሙት ዓመት ነው አልኩት። ‹ትራፊኩ?› አለ። አዎ ስለው ሳቀ። ‹ዕድሜዬን ሙሉ ትራፊክ ባስቆመኝ ቁጥር ስሳደብ ኖሬ፣ ዛሬ አስተኛኝ› አለኝ። ያ ሰው ከታመመ ወዲህ እኮ በመኪና ጩኸት እንቅልፍ አያውቅም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ተኛ። ተኝቶ ነው የሄደው።»

ሁላችንም ቆመን አለቀስን። የወረዳው ወጣት ሳይቀር። መሰለች ግን ወደ እኔ ዞር ብላ «ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ ደግሞ!» አለችኝ።

«አይመስለኝም» አልኳት። የፈታሁትን ገመድ ሙሌ መልሶ አጠበቀው።

እንግዲህ ያ ድንኳን የሁለት ሰው ሆነ። የበሱፍቃድ ሸራ ከመግቢያው አልወረደም፤ የጋሽ ገብረየሱስ ፎቶ ከጎኑ ተሰቀለ፣ በወጣትነታቸው ከመኪናቸው በር ላይ ተደግፈው። ሾፌሩና ትራፊኩ ጎን ለጎን። ለቅሶ ደራሾች መጡ፤ ድሮ አብረዋቸው የነዱ ሽማግሌ ሾፌሮች ከየሰፈሩ መጥተው ዳር ይዘው ተቀመጡ። ልጆቹ ጠዋት በአንዱ በር ይገባሉ፣ በሌላው ይወጣሉ፤ ከሰዓት ደግሞ በተራቸው ይመለሳሉ። አሁን በዳቦ ፋንታ ንፍሮ ነው የሚዘግኑት። ሽማግሌዎቹም ገና ሲያዩአቸው እግራቸውን ሰብስበው መንገድ ይለቃሉ።

ግን አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ቀብሩ ማክሰኞ ስለነበር ሠልስቱ ሐሙስ ይውላል። ሠልስት ካለፈ ድንኳን ይነሳል፤ እሱን እኔም አላስቀረውም፣ መሰለችም አታስቀረውም። ረቡዕ የወረዳው ወጣት ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ጥግ ላይ ሲቀመጥ፣ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምንም አልጠየቅኩትም። ንፍሮ አቀረብኩለት። ወዲያው ልጆቹ ተለቀው መጡ፤ በመሀላችን በሰልፍ አለፉ፣ አንዷ ትንሽ ልጅ ጫማዋ ተፈትቶ ኖሮ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ አሰረች፣ ጉልበቱንም ደገፍ ብላ ተነሳች። ሳታስፈቅድ።

«ከነገ ወዲያ እነዚህ ልጆች የት ነው የሚሻገሩት?» አልኩት።

ንፍሮውን አስቀመጠ። ስልኩን አውጥቶ ወጣ። ለረጅም ጊዜ ሲያወራ አየሁት፤ እጁን ያወናጭፋል፣ ወደ ድንኳኑ ያመለክታል። ሲመለስ «ነገ ጠዋት» አለኝ።

«ነገ ጠዋት በዕቅድ ነው ወይስ በእውነት?»

«በእውነት እማማ።»

አላመንኩትም። ሐሙስ ጠዋት ከሠልስቱ በኋላ ሙሌ የመጀመሪያውን ገመድ ይዞ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ ትኩስ ሬንጅ የጫነ መኪና ከታች መጣ። ከኋላው ያቺ ባለ ሞተሯ ትራፊክ አለች፤ መንገድ እንዳይጠፋቸው ብላ መርታ ሳይሆን ነድታ ነው ያመጣቻቸው። ሠራተኞቹ ወረዱ፣ ድንኳኑን አዩ፣ አካፋቸውን ዳር አስደግፈው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ገብተው ተቀመጡ። መሰለች ሳይበሉ እንዳይነሱ አለች። ከዚያ በኋላ ሙሌ ድንኳኑን አነሳ፤ እነሱ ከሥሩ ቀጠሉ። ድንኳኑ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ልክ ልጆቹ ሲያልፉበት በሰነበቱት መሀል፣ ጉብታው ወጣ።

ሙሌ የበሱፍቃድን ሸራ ምን ላድርገው ሲለኝ መብራት እንጨቱ ላይ እሰረው አልኩት። ክረምቱ ሲመጣ ዝናብ በልቶት ወረደ። ፎቶው ጠፋ። ስሙ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው አፍ ገብቶ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሶሲ «ብቻዬን ልሻገር» አለችኝ። ዓመት ሙሉ ስትለምነኝ ኖራለች። አይሆንም ልላት አፌን ስከፍት ከላይ አንድ ሚኒባስ እየበረረ መጣ። ወያላው በመስኮት ራሱን አውጥቶ «ሳጅን ጋ ደርሰናል፣ ያዘው፣ ያዘው!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ ያዘው። ሚኒባሱ ጉብታው ላይ አቃስቶ ወጣ፣ አቃስቶ ወረደ። ከውስጥ አንዲት ሴትዮ «ሳጅን ጋ ወራጅ አለ!» ስትል ሰማሁ፤ ልጄን ጭራሽ የማታውቅ ሴትዮ። ሚኒባሱ ቆመ።

የሶሲን እጅ ለቀቅኩ።

ተሻገረች። አልሮጠችም። ወዲያ ማዶ ደርሳ ዞር ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩ፤ ያኔ ነው ያየሁት።

«ሶሲ! ፀጉርሽ አልደረቀም! ኮፍያሽን አድርጊ!»